የደነዘ መቀስ፣ የደነዘዘ ጣት

ጥቅምት ፭

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጢጢ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰውነትሽ ጤና፣ ክፍልሽ ሙቅ፣ ሐሳብሽ ሰላም ሆኖ ያግኝሽ። እኔና አክስትሽ አንቺን ከመናፈቅ በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

ስልክ እያለ ለምን ይጽፋሉ ትይኛለሽ። የፀጉር ቤቱ ስልክ ያለው መስታወቱ አጠገብ ነው። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ወንበር ላይ ያለውም፣ ተራ የሚጠብቀውም አብሮ ያወራል። ባለፈው ስትደውዪ ያ ሬዲዮ ብለን ስም ያወጣንለት ለፍላፊ ደንበኛዬ ከጀርባዬ ሆኖ «እስቲ ጠይቃት፣ እዚያ ይዘንባል ወይ?» እያለ ሲጨቀጭቀኝ የዝናብ ነገር ብቻ አውርተን ዘጋን። በወረቀት ግን ጣልቃ የሚገባብኝ የለም።

ሥራው ደህና ነው። አሁን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምከፍተው፤ ጠዋት ጠዋት ደንበኛው ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ሲበዛብኝ ደግሞ ራሴን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ኮሎኔሉ ያልነው ደንበኛ ገና ከበሩ ሲያየኝ «ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ፀጉር ከጠላ እኛን ማን ሊያምነን ነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ሆነሽ የተነሳሽው ፎቶ ካለ ላኪልኝ፤ መስታወቱ ጥግ ላይ እሰካዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንድ ደንበኛዬ አለ። አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት፤ ቢመረመር ካንሰር ነው አሉት። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጡታል። ንፍፊቱስ እየሟሸሸ ነው። ግን የጣቶቹ ጫፎች ደነዘዙበት። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላል፤ ሳንቲም ከኪሱ ሲያወጣ ቁልፍ ይሁን ሳንቲም በእጁ አያውቀውም። ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን የምታክመው ሐኪም «ቪንክሪስቲን» ብላዋለች። አንቺ የምትሠሪው ሴል ሲከፈል ስለሚሆነው ነገር ነው ብለሽ የለ? ይህ መድኃኒት ምን እንደሚሠራ፣ ጣት ድረስ ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ጻፊልኝ። እኔ እነግረዋለሁ።

አክስትሽ ጉንጭሽን ትስምሻለች። በሄድሽበት ሁሉ በር ይከፈትልሽ።

አጎትሽ

ኅዳር ፲፮

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬስ? የሁለታችሁም ጤና ከራሴ ጤና በፊት የምለምነው ነገር ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጀምሯል፣ ካፖርት ገዝቻለሁ፣ አይስጉ።

ጥያቄዎ እንዴት እንዳስደሰተኝ። ይህን ሁሉ ዓመት «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ መልሱን እስከ መጨረሻ የሰማኝ ዘመድ የለም።

ሴል ለሁለት ሲከፈል ንብረቱን እኩል ማካፈል አለበት። ንብረቱ ክሮሞሶም ይባላል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎትተው የሚያካፍሉት ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ክሮች ናቸው፤ ክር አልኳቸው እንጂ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ እንደ ቱቦ። ሴሉ ሊከፈል ሲል ከሁለት ጫፍ ይነሱና ልክ የእንዝርት ቅርጽ ይሠራሉ። የደንበኛዎ መድኃኒት ክሮቹ እንዳይገጣጠሙ ይከለክላል። ካንሰር ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ሴል ነው፤ እንዝርቱን ሲያጣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ይሞታል።

ታዲያ ጣት ምን አጠፋ? ነርቭም የሚኖረው በእነዚሁ ክሮች ነው። ከጀርባ አጥንት ተነስቶ ጣት ጫፍ የሚደርስ ነርቭ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚልከው ክሮቹን እንደ ሐዲድ ተጠቅሞ ነው። ሐዲዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚራበው ጫፉ ነው። መድኃኒቱ ይህ የታመመ ነው፣ ያ ጤነኛ ነው ብሎ አይለይም፤ የደረሰበትን ሁሉ ይነካል።

የኔ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። ክሮቹን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይም ማለት ሴሉ ራሱ የሚሠራው፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ፕሮቲን ነው፤ ይህኛው መቀስ ነው ይበሉት። እኔ መቀሱን ሰማያዊ ብርሃን ካረፈበት ቦታ ብቻ ሄዶ እንዲሰበሰብ አድርጌ ለወጥኩት። ባለፈው ሳምንት ማይክሮስኮፑ ሥር ሴል አስቀምጬ ብርሃኑን አንድ ጥግ ላይ አሳረፍኩ። በጥጉ ያሉት ክሮች ጠፉ፤ ሌሎቹ እንዳሉ ቀሩ። ጋሼ፣ ወንበሬን ገፍቼ ተነስቼ ኮሪደሩን እየተመላለስኩ ዞርኩት።

ለደንበኛዎ እንዲህ ይበሉልኝ፦ አንድ ቀን መድኃኒት የጎረቤቱን ግድግዳ ሳይነካ የታመመውን ቤት ብቻ ያፈርሳል። እኛ እዚያው ላይ ነን።

ፎቶ እልካለሁ። እትዬን ይሳሙልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

የእርስዎው ሚጢጢ

ጥር ፳

ለሚጢጢ፣

ጤና ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። መልስ ዘገየሁ፤ ወዲህም ወዲያም ስል ነው።

የጻፍሽውን ለቤቱ ሙሉ ሰው አነበብኩት። ሬዲዮ እንኳ አፉን ዘግቶ ሰማ፤ ይህን በዓይኔ ያየሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ምስክር አለኝ። ኮሎኔሉ «ይህቺ ልጅ እዚህ ወለል ላይ ፀጉር ስትጠርግ አልነበር እንዴ?» አለ። እኔ ወረቀቱን አጠፍኩ። ሆዴ ግን ሞልቶ ነበር።

ደንበኛዬ መቀሱን ሰምቶ እንደ አዲስ ሰው ሆኗል። ይህ የሚወስደው መድኃኒት የጎረቤቱን ቤት ከታመመው የማይለይ ከሆነ፣ የታመመውን ብቻ የሚለየው ሊመጣ ከሆነ፣ ለምን ጣቴን አጣለሁ አለ። የቀሩትን ቀጠሮዎች ትቷቸዋል። ንፍፊቱም ስለጠፋ ግድ የለም፣ ልቆይ ብሏል።

ባለፈው ፎቶ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር። ፎቶው ይቆይ። ቀን ላኪልኝ። መቀሱ ለሰው የሚደርሰው መቼ አካባቢ ነው? ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ? ግምትሽን ብቻ። ማንም አይይዝሽም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እስክሪብቶው ነው።

አጎትሽ

መጋቢት ፬

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ እትዬንም ይሳሙልኝ። በመዘግየቴ አይቀየሙኝ። የምጽፈው ነገር ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት፤ አሁንም ያገኘሁ አይመስለኝም።

ግራ ገብቶኛል። እኛ ጋ አንድ ነገር አደረግሁ ከማለት በፊት ማነጻጸሪያ ይሠራል። ኢንዛይሙን አንዲት ቦታ ላይ እንለውጠውና እንዳይቆርጥ እናደርገዋለን። ወደ ብርሃኑ ይሄዳል፣ ይሰበሰባል፣ ግን አይቆርጥም። የደነዘ መቀስ ነው። በደነዘው መቀስ ክሮቹ ካልጠፉ፣ በተሳለው ሲጠፉ ያየሁት እውነት ነው ማለት ነው።

በደነዘውም ጠፉ።

አለቃዬ መጣ፣ አየ፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «የሁለቱን ሴሎች ብልቃጥ አቀያይረሽ ይሆናል» አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም እሱን ነበር ያሰብኩት። ሁሉንም ደፍቼ ከመጀመሪያው ሠራሁ። ጠፉ። የማይቆርጥ መቀስ እየቆረጠ ነው። ሌላው ደግሞ፣ የተሳለው አንዳንድ ጊዜ ምንም አያደርግም። ጠዋት የገባኝ የመሰለኝ ነገር ከምሳ በኋላ ሲገለበጥ እውላለሁ። ያኔ የጻፍኩልዎ ደስታ እውነት ይሁን አይሁን ዛሬ አላውቅም።

ደብዳቤዎን መጀመሪያ ያነበብኩት በሥራ መሀል ስለነበር አንድ ነገር ዘለለኝ። ማታ ደግሜ ሳነበው አቆመኝ። ቀጠሮ ትቷል ማለት ምን ማለት ነው? ንፍፊት ጠፋ ማለት ካንሰር ጠፋ ማለት አይደለም። እባክዎን ዛሬውኑ ይንገሩት፤ እኔን ብሎ አይጠብቅ። ምንም የሚጠበቅ ነገር የለም።

ሌላም ያልገባኝ አለ። እርስዎ ለሰው ሁሉ ስም ያወጣሉ። ሬዲዮ፣ ኮሎኔሉ፣ እኔ ራሴ። ይህ ሰው ግን በሁለት ደብዳቤ «ደንበኛዬ» ብቻ ነው። ማን ነው?

ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሚጢጢ

ሚያዝያ ፲፱

ጋሼ፣

ሰላምታው ይቆየኝና በቀጥታ ልጻፍ። መልስ ስጠብቅ ስጠብቅ ዛሬ ፀጉር ቤቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሬዲዮ ነው።

«ጋሼስ?» አልኩት።

«ገና አልመጡም። ደከም እያላቸው ነው ሰሞኑን።»

«ምን ሆነው?»

«ኧረ ምንም። ያ መርፌ ነው ያደከማቸው እንዳልል፣ ካቆሙት ቆይቷል። ያንቺን እየጠበቁ አይደል?»

«የኔን ምን?»

ሬዲዮ ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል እኮ ያስፈራል። ከዚያ «ይዘንባል እዚያ?» አለኝ። እኔም ዘጋሁት።

ደንበኛው እርስዎ ነዎት። የተላጨው ራስዎ በሙቀት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከፍቱት ጠዋት ደንበኛ ጠፍቶ አይደለም። እኔ እዚህ ተቀምጬ የዓይን ብሌን የማያየውን እቆጥራለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም።

መናደድ አለብኝ ወይስ ይቅርታ መለመን፣ አላወቅሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ልነግርዎ ይገባ የነበረውን ልንገርዎ። ያ «ሴል» ያልኩዎ የትል እንቁላል ነው። በአፈር ውስጥ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ ትል። መቀሱ በብልቃጥ የሚቀዳ መድኃኒት አይደለም፤ እንቁላሉ ራሱ በውስጡ እንዲሠራው ትሏን በዘሯ ለውጠናታል። ወደ ሰው ደም ቢገባ ሥራ የሌለው ፕሮቲን ነው፤ ብርሃኑም ሥጋ ዘልቆ አይደርስለትም። እኔ በዕድሜዬ ለሰው ሲደርስ አይ ይሆናል፤ ላላይም እችላለሁ። ሥራው ሴል እንዴት እንደሚከፈል ለማወቅ ነው። መድኃኒት ነው ያልኩበት ቦታ ቢኖር ደስታ አሳብዶኝ ነው።

የሸሹት መድኃኒት ነው የሚያድነው። ሐኪሟ ጋ ይሂዱ። ጣትዎ መደንዘዙን ነግረዋታል? ካልነገሯት ይንገሯት። እኔ በመጀመሪያው ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ጋሼ፣ ደርሰው ሲመለሱ ይጻፉልኝ። አደራ።

ሚጢጢ

ግንቦት ፳፫

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ፈጣሪ ከሐሳብ ይገላግልሽ። ይህን የምትጽፈው አክስትሽ ናት፤ እኔ እየተናገርኩ። እስክሪብቶው ጣቴ መሀል ይሁን ይውደቅ እያየሁ ካልሆነ አላውቀውም። እስከ ዛሬ እንዳትነግሪያት ብዬ አስምያት ነበር። ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አሁን ቃሉ ተነስቶላታል፤ ከዚህ በታች ያለውን እሷ ከራሷ ብትጨምር አልከለክላትም።

ለምን እንዳቆምኩ ልንገርሽ። መምህሩን እየላጨሁ ነበር፤ ያን ፊደል ያስቆጠረሽን ሽማግሌ። ወሬ ይዘናል። መሀል ላይ ዝም አለኝ። ወሬው የሰለቸው መስሎኝ ሌላ ጀመርኩለት። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ አንገቱ ላይ ያለው ፎጣ ቀልቷል። ምላጩ መግባቱን እጄ አልነገረኝም። መምህሩ ፎጣውን ጫን አድርጎ ይዞ «ምንም አይደል፣ የኔ ቆዳ አርጅቶ ነው» አለ። ሰው ስቆርጠው ቆዳውን አመካኝቶልኝ አያውቅም። ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ካንሰር ነው ሲሉኝ ያልፈራሁትን ያኔ ፈራሁ።

ያንቺ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። «እኛ እዚያው ላይ ነን» ይላል። አንድ መቶ ጊዜ ብታነቢው ያው ነው የሚለው። እኔ ደግሞ አንቺ የምትዪውን ስጠራጠር ኖሬ አላውቅም። ለሐኪሟ የጣቴን ነገር አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት መድኃኒቱን ትከለክለኛለች ብዬ ነበር መጀመሪያ የደበቅኋት። ኋላ ደግሞ ራሴው ተውኩት። ይህ እንዴት አንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ እንደኖረ አትጠይቂኝ። እኔም አልገባኝም።

የሚያዝያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አክስትሽን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ አንገቴን ዳበሰች። ዳሰስ አድርጋ እጇን አንድ ቦታ ላይ አቆመች። ተመልሷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ተመልሷል።

«ለምን ጠፉ?» አለችኝ።

«ጣቴ ደንዝዞ።»

«ለምን አልነገሩኝም? ጣት ሲደነዝዝ መጠኑን የምንቀንሰው መድኃኒት እኮ ነው። ሲብስም ትተነው በሌሎቹ እንቀጥላለን። ሌሎቹ ጣት አይነኩም።»

አክስትሽ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«የእህቴ ልጅ የምትሠራውን እየጠበቅሁ ነበር» አልኳት።

«ምን ትሠራለች?»

ደብዳቤሽን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና እንደገና አነበበችው። «የትል እንቁላል» አለች።

«የትል እንቁላል» አልኩ እኔም።

ሳቀች። ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። አክስትሽ ግን አልሳቀችም፤ «ለትል የሚሆን መድኃኒት ሲጠብቅልኝ ከረመ» ብላ ከራሴ እስከ ጫማዬ አየችኝ። ሳቁ መሀል ላይ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔን መጥረግ ጀመርኩ። ሐኪሟ መስኮት ከፈተች፤ ሙቀት ነው ለማለት።

ካቆምኩበት ሳይሆን አዲስ ሕክምና ነው የሚጀመረው። ከዚህ በኋላ ለማንም «ደንበኛዬ» አልልም። ደንበኛው እኔ ነኝ።

አትምጪ ብዬ እንዳላስጽፍ አክስትሽ አልጽፍም ብላለች።

አጎትሽ

*ሚጢጢ፣ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ጣቶቹን ገበታው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። ነይ።*

ሰኔ ፳፯

ለማከብራችሁ ለጋሼና ለእትዬ፣

ደብዳቤያችሁን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ተቀምጬ ስደግመው ቦርሳዬን ከትከሻዬ እንዳላወረድኩ አየሁ። ፈቃድ ጠይቄአለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ሲሰማ «ሂጂ፣ ትሎቹን እኔ እመግባለሁ» አለኝ። ትል ሲመግብ ያየው የለም፤ ግን ቃሉ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልመጣ ልጻፍልዎ፣ ፊት ለፊት ሲሆን ስለሚጠፋኝ። የደነዘው መቀስ ለምን እንደቆረጠ ደረስኩበት። መቀሱ አይደለም። ብርሃኑ ነው። አብዝቼው ነበር። ቶሎ ላይ ብዬ፣ ጎልቶ ይታየኝ ብዬ ያን ያህል ሳበራበት ብርሃኑ ራሱ ክሮቹን ይጎዳቸው ነበር። አሁን እስኪደበዝዝ ድረስ ቀነስኩት። በዚያ ብርሃን የደነዘው መቀስ ምንም አያደርግም። የተሳለው ይቆርጣል፤ ግን በቀስታ፣ ከተበራበት ጥግ ሳይወጣ። ያን ቀን ኮሪደሩን ያስዞረኝ ደስታ ግማሹ ጉዳት ነበር ማለት ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

የጉዞ ቀኔን በስልክ እነግራችኋለሁ፤ ሬዲዮ ሰምቶ ለሰፈሩ ያድርስ።

ሚጢጢ

ጥር ፲፬

ለሚጢጢ፣

በረዶውም ሰዉም ይመችሽ። ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መለስ ብለዋል፤ ትንሿ ጣት ግን ከኔ ጋ መሆኗን አሁንም አልሰማችም። ስለዚህ ቃላቴ ቢጋጩ ተሸከሚኝ።

ትናንት ሐኪሟ ጋ ነበርን። በመሣሪያ አዩኝ፣ ደም ወሰዱ፣ አንገቴን ዳበሱ። የለም። «ለጊዜው ንጹሕ ነዎት» አለችኝ። አክስትሽ «ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?» አለቻት። ሐኪሟ «አላውቅም» አለች። እንደዚያ ብላ ዓይኗን አላሸሸችም። ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ አክስትሽ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ሁለታችንም ደስ ያለን ይሁን የደነገጥን አልለየንም። አውቶቡሱ መጥቶ አለፈን፣ እንደቆምን።

ምላጭ አልያዝኩም፣ አልይዝምም። ምላጩን አክስትሽ ይዛለች። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠላት መምህሩ ነው። ሲነሳ አገጩን በመዳፉ ዳበሰና «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። እኔ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ዘይት እቀባለሁ፣ ፎጣ አጥፋለሁ፣ ወሬውን እመራለሁ። ወሬው አሁንም በኔ እጅ ነው፤ ከሬዲዮ ጋር በፈረቃ።

የመጣሽ ጊዜ ያየሁትን አንድ ነገር አልነገርኩሽም። ሬዲዮ ተጠግቶሽ «እንግዲህ ያ መቀስ የት ደረሰ?» ሲልሽ ነበር። አንቺ «የደረሰበትን አላውቅም» አልሽው። እንዴት አታውቂም ብሎ አፋጠጠሽ። አንቺም ቁጭ ብለሽ የምታውቂውን ነገርሽው፣ ከዚያ የማታውቂውን ነገርሽው። የማታውቂው ይበዛ ነበር። እኔ ፎጣ እያጠፍኩ እሰማለሁ። ደብዳቤሽን ሁሉ ካነበብኩት ይልቅ ያን ቀን ሥራሽ ገባኝ።

ስለዚህ ልማድ እንለውጥ። እኔ ከእንግዲህ «ቆመን እንሄዳለን» ብቻ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ያመመኝን እጽፋለሁ። አንቺም ደስ ያለሽን ስትጽፊ ያልገባሽን አብረሽ ጻፊ። ደስታሽን ሳነብ እታለላለሁ፣ ስለምወድሽ ነው። ግራ ሲገባሽ ግን እንደ ሰው አብሬሽ አስባለሁ።

እስቲ ባለፈው ሰሞን ያልገባሽ ምንድን ነው?

አጎትሽ

የካቲት ፳፪

ለጋሼ፣

አውቶቡሱ ባለፋችሁበት ቦታ ላይ አብሬያችሁ ብቆም በወደድኩ። የሐኪሟን «አላውቅም» ከእናንተ እኩል እሸከመዋለሁ። የትንሿ ጣት ነገር ያሳስበኛል፤ ነርቭ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ይህን ሳላለሰልስ ጻፍኩልዎ።

ያልገባኝ ይኸው። ማክሰኞ አንድ እንቁላል ሊከፈል ሲል በደብዛዛው ብርሃን ከእንዝርቱ አንድ ጎን ያሉትን ክሮች ቆረጥኩ። እንዝርቱ ተንሻፈፈ። ክሮሞሶሞቹ መሀል ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። መከፈሉ ቆመ። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቹ ተዛብተው ይከፈሉና ይበላሻሉ፤ አይቻለሁ፤ ይሄኛውም ያው ነው ብዬ ብርሃኑን አጠፋሁ። ብርሃኑ ሲጠፋ መቀሱ ይበተናል። ማይክሮስኮፑን ልዘጋ እጄን ዘርግቼ ተውኩት፤ ለምን እንደተውኩት አላውቅም።

እንቁላሉ ምንም አላደረገም። ጠበቀ። ከዚያ በተቆረጠው ጎን ክሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ተሳስተው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሄዱ ነበሩ፣ ተመልሰው አጠሩ፣ እንደገና ረዘሙ። እንዝርቱ ቀና አለ። ሁሉም ክሮሞሶም መያዙን እስኪያረጋግጥ ሴሉ እንደሚጠብቅ እናውቃለን። ግን ይሄኛው ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ ለምን ጠበቀ፣ የተቆረጠበትን ጎን መልሶ በትክክሉ እንዴት አቆመው፣ በቃ አሁን ብሎ የወሰነለት ምን እንደሆነ አልገባኝም። አለቃዬን ጠራሁት። እሱም አልገባውም። ሁለት ወንበር ስበን ተቀመጥን።

ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሚጢጢ